ጋራ ዱሜሳ ላይ የተሠራው ዳስ

በዚያ ጉዞ የነበርነውን ሰዎች አስቀድሜ ልጥራ። ዶክተር ቬልማን ነበሩ፤ ከባሕር ማዶ ወፍ ሊያዩ የመጡ ምሁር። ማዳም ኤልሳ ነበሩ፤ ባለቤታቸው፣ ያዩትን ወፍ በከሰል የሚስሉ። ቀኛዝማች ታፈሰ ነበሩ፤ የጋራ ዱሜሳ ባለመሬት። ኦቦ ጉተማ ነበሩ፤ በዚያ ጫካ ቀፎ እየሰቀሉ የኖሩ፣ እኔንም ሥራዬን ያስተማሩኝ ሰው። አቶ ኢረና ነበሩ፤ የአካባቢው ጭቃ ሹም። ከድር ነበረ፤ የመቱ ልጅ፣ የበቅሎዎቻችን ነጂ። አቶ ኢረና ያሰለፏቸው ወንዶችና ሴቶችም ነበሩ። የእነሱን ስም ሁሉ አላውቅም፤ ይህን የምጽፈው ግን ከማንም ይልቅ ለእነሱ ነው። እኔም ነበርኩ፤ ወልዴ፣ መንገድ መሪው።

ዛሬ መንገድ መሪ አይደለሁም። መቱ ስልክ ቤት ማዞሪያው ፊት እቀመጣለሁ። ጎሬ ሲጠራ ከበደሌ አገናኛለሁ፤ በደሌ ሲጠራ ከጎሬ። ሥራው ንጹሕ ነው፤ ደመወዙም በወሩ ይመጣል። ወንበሩ ግን አልለመደኝም። ዝናብ ሲጥል መስመሩ ይንሿሿል፤ ያን ጊዜ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቄ መስኮቱ ጋ እሄዳለሁ። ከጣሪያው በላይ አንድ ነገር ሲጮህ የሰማሁ ይመስለኛል፤ ስወጣ የለም። አለቃዬ ደግ ሰው ናቸው፤ አንድ ቀን ወንበሬን አንሥተው ከሥሩ ካዩ በኋላ፣ «እሾህ ያለበት መስሎኝ ነው» አሉኝ። እሾሁ ወንበሩ ላይ እንዳልሆነ ልነግራቸው ፈልጌ ተውኩት። ነገሩ ረጅም ነው። እዚህ እጽፈዋለሁ።

ወደ ጫካ የገባሁት በሰም በኩል ነው። አባቴ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ጎሬ ላይ የቀረ ወታደር ነበር፤ ቶሎ ሞተ። እኔ ከቤተ ክህነት ትምህርት ፊደልና ዳዊት ይዤ ወጣሁና ሙሴ ያኒ ከሚባሉ ግሪካዊ ነጋዴ መጋዘን ተቀጠርኩ። ቡናውና ሰሙ ወደ ጋምቤላ ወርዶ በባሮ መርከብ የሚጫንበት ጊዜ ገና አላለፈም ነበር። የእኔ ሥራ ሰም መለየት ነበር። ጥፍጥፉን ሰብሬ ስብራቱን አያለሁ፤ ሞራ የተቀላቀለበት ስብራቱ ያብረቀርቃል፣ ጥሩው ግን ደብዛዛና ፍርክስ የሚል ነው። ቀጥሎ አሸታለሁ። የገተማ አበባ የቀሰመ ንብ ሰሙ ለስላሳ ሽታ አለው፤ የብሳናው ደግሞ አፍንጫ ይነካል። እንግሊዝኛንም የተማርኩት እዚያው ነው፤ ዕቃ ተጠቅልሎ ከሚመጣበት አሮጌ ጋዜጣና ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት። አነባበቡን የሚያርመኝ ስላልነበረ ብዙ ቃል በራሴ ድምፅ ነው የያዝኩት። ኋላ ማዳም ኤልሳ ሲሰሙኝ እጃቸውን አፋቸው ላይ ያደርጉ ነበር።

ኦቦ ጉተማ ሰም ይዘው ሲመጡ መስበር አያስፈልገኝም ነበር። ቆሻሻ የለበትም። ሙሴ ያኒ እንኳ፣ የሰው ሁሉ ሰም ሌባ ነው የሚሉት ሰውዬ፣ የእሳቸውን ጥፍጥፍ ሳያገላብጡ ያስቀምጡት ነበር። አንድ ቀን ተራ ሲጠብቁ መጋዘኑ ደጃፍ ካለው ዋርካ ላይ ወፍ ሳይ አዩኝ። ምን እንደማይ ጠየቁኝ። ጣቴን ቀሰርኩ። ጣቴን በእጃቸው ያዙና ቀስ ብለው አጠፉት። «ሱታ» አሉኝ፤ ቀስ በል ማለታቸው ነው። ከዚያ የራሳቸውን እጅ ጨብጠው በጭብጣቸው አሳዩኝ። ወፍ በጣት አይጠቆምም።

የሙሴ ያኒ ንግድ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ለአንድ ወፍ ሰብሳቢ አገር ጎብኚ አገልጋይ ሆንኩ። እሱ ጠመንጃ ነበረው። ወፍ ይጥላል፤ እኔ ገፍፌ፣ ቆዳውን መድኃኒት ቀብቼ፣ ጥጥ ሞልቼ፣ እግሩ ላይ ወረቀት አስራለሁ። እንዲህ ሆኖ የሶሪትን ክንፍ በእጄ ዘርግቼ አየሁ። ተቀምጣ አረንጓዴ የምትመስለው ወፍ ክንፏ ሲዘረጋ ውስጡ የበርበሬ ድልህ ነው። ላባ በላባ የማውቀው በዚያ ሥራ ምክንያት ነው፤ እውቀቱን አልጠላሁትም። ኦቦ ጉተማ ግን ያንን ሰው አንድ ቀን ብቻ መርተው ተመለሱ። የሞተ ወፍ ማየት የፈለገ ሰው ጫካ አያስፈልገውም አሉ፤ ገበያ ይበቃዋል።

ዶክተር ቬልማን የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ጠመንጃ አልያዙም። አንገታቸው ላይ አቅራቢ መነጽር አንጠልጥለው፣ ዝናብ እንዳይነካው ኮታቸው ውስጥ እየሸጎጡ ይሄዱ ነበር። ኦቦ ጉተማ መነጽሩን ተቀብለው አንድ ጊዜ አዩበትና መለሱ፤ ከዚያ ወዲህ ዶክተርን እምቢ ብለው አያውቁም። ዶክተር በየጊዜው፣ አንዳንዴም ወዳጆቻቸውን ይዘው ይመጡ ነበርና መንገድ መሪነት ሥራዬ ሆነ። ከመቱ ወደ ሶር ፏፏቴ፣ ከጎሬ ወደ ቆላው አፋፍ፣ ከሁሩሙ ወደ ላይ፣ ጉም የማይለቀው ጫካ ድረስ እንሄዳለን። ከድር በቅሎዎቹን እየነዳ ይቀልድብኛል። ጎሬ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረበት ከተማ ነውና፣ «የወፍ ቆንስል መጣ፣ መንገድ ልቀቁ» ይላል በየገበያው። ስሙ ተጣበቀብኝ።

የኦቦ ጉተማን አሠራር በደንብ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ሌላ ሰው የሚጽፈው አይመስለኝምና።

ከባዱ ነገር ወፉን ማግኘት አይደለም፤ ያገኙትን ለሌላ ሰው ማሳየት ነው። ጫካው ውስጥ ሁሉም ቅጠል ነው። «እዚያ፣ ከቅጠሉ በስተቀኝ» ቢባል የትኛው ቅጠል? ኦቦ ጉተማ ባለቀፎዎች እርስ በርስ ቀፏቸውን እንደሚያመላክቱት ያመላክቱ ነበር። ከሥሩ ይነሣሉ። መጀመሪያ ዛፉን ይሰጣሉ፤ ግንዱ ሁለት የሆነውን፣ ወይም የዛፍ ሽበት የለበሰውን። እንግዳው ሥሩን እስኪያገኝ አይቀጥሉም። ከዚያ፣ «ግንዱን ይዘህ ውጣ። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ወደ ወንዙ ይሄዳል፤ ተወው። ቀጥሎ የተሰበረ አለ፤ እሱንም እለፈው። ከዚያ በላይ ሐረግ ተንጠልጥሏል፤ በሐረጉ ውጣ፤ ሐረጉ ሲያልቅ ቁም።» እዚያ ሲቆሙ ወፉ አለ። እኔ ይህን ወደ እንግሊዝኛ እያዞርኩ በሹክሹክታ እናገራለሁ። ዶክተር መጀመሪያ አካባቢ ትዕግሥት አጥተው መነጽሩን ወዲያ ወዲህ ሲያዞሩ ወፉ ያመልጣቸው ነበር። ኋላ እሳቸው ራሳቸው፣ «ሥሩን ስጠኝ» ይሉኝ ጀመር።

ሁለተኛው ልማዳቸው ዝምታ ነበር። ጫካው ሲናገር ይራመዳሉ፤ ዝም ሲል ይቆማሉ። ጉሬዛዎች ድንገት ዝም ካሉ ከበላያቸው የሚያስፈራ ነገር አለ ማለት ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የጠበቀው ነው። ወፍ ይነገራል፤ ጎጆ አይነገርም። ይህም ከባለቀፎነታቸው የመጣ ነው፤ ንብ የገባበትን ቀፎ ለሰው የሚያወራ ሰው ንቡ ይለቀዋል ይላሉ። ጎጆ ያየ ሰው እንዳላየ ሆኖ ያልፋል፤ ለልጁም ለወዳጁም አይናገርም። እኔም ይህን ይዤ አደግሁ። እንግዶችን ጎጆ ላሳይ ከሆነ ሩቅ ካለ ጉብታ ላይ አስቀምጣቸዋለሁ፤ ዛፉን እሰጣቸዋለሁ፤ የቦታውን ስም ግን አልሰጥም።

አሁን ወደ ጋራ ዱሜሳ እመጣለሁ። ዱሜሳ በኦሮምኛ ደመና ነው። ጋራው ከሁሩሙ በላይ ነው፤ ጠዋት ታች ያለ ሰው ጫፉን አያይም። ኦቦ ጉተማ ሌላ መሬት የላቸውም፤ ኑሯቸው በዚያ ጫካ የተሰቀሉት ቀፎዎቻቸው ናቸው። መሬቱ ለቀኛዝማች ታፈሰ በስጦታ ገብቶላቸው ነበር። እሳቸው ጣውላ ሰንጣቂዎች አስመጥተው ጫካውን ሊያነሡ፣ በቦታው ቡና ሊተክሉ አስበዋል ተባለ። በዚያ አገር ልማድ ቀፎ ያለበት ዛፍ የባለቀፎው ነው፤ ባለመሬትም ቢሆን አይቆርጠውም። ግን ዛፉ ብቻውን ቢቀር ምን ይሆናል? ንብ በዛፍ አይኖርም፤ በአበባ ነው የሚኖረው።

በጋራው ላይ ከሁሉም የሚበልጥ አንድ የቀረሮ ዛፍ ነበር። ከላይ፣ ግንዱ በሚከፈልበት ቦታ፣ ባለ ጉትዬው ንስር ጎጆ ነበረው። ይህ ንስር ጉሬዛ የሚያነሣ ነው። በአንድ ጎጆ ዘመን ለዘመን እየጨመረ ይሠራል፤ የሚያሳድገውም አንድ ጫጩት ብቻ፣ ያውም ረጅም ጊዜ ፈጅቶ ነው። ዶክተር ስለዚህ ወፍ ጎሬ ላይ ለቀኛዝማች ሲነግሯቸው እኔ አስተረጎምኩ። ከሩቅ አገር ይህን ለማየት የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ ጫካው ቆሞ ከጠበቃቸው አገሩም ይጠቀማል አሉ። ቀኛዝማች ክፉ ሰው አልነበሩም። ሳቅ ይወዳሉ፤ አደን ያውቃሉ።

«ጦጣ የሚሸከም ወፍ?» አሉኝ በአማርኛ፣ ዶክተርን ትተው። «አንተ አይተኸዋል?»

«አይቻለሁ፣ ጌታዬ።»

«በዓይኔ ካየሁት የላይኛውን ጫካ ለወፉ እተውለታለሁ። ባላየው ግን እንጨት እንጨት ነው። እንዲህ ብለህ ንገራቸው።»

እንዲህ ብዬ ነገርኩ። ዶክተር ተነሥተው ጨበጧቸው።

እኔና ኦቦ ጉተማ ወደ ጫካው ቀድመን ወጣን፤ እሳቸው ከሩቁ ጉብታ ላይ ሆነው ጎጆውን እንዲጠብቁ ተስማማን። እኔ እንግዶቹን ለመቀበል ወደ መቱ ወረድኩ። ከመለያየታችን በፊት ወፏ ጎጆው ላይ ተቀምጣ አይተናታል። ከሥሯ ምን እንዳለ ግን ከጉብታው አይታይም ነበር።

ከመቱ ወደ ሁሩሙ ያለው መንገድ ጥሩ ነበር። ከጫካው ጠርዝ ትልልቅ ምንቃር ያላቸው ወፎች አለፉ፤ ክንፋቸው ሲመታ ሰው ሰፌድ የሚያርገበግብ ይመስላል። ቀኛዝማች በበቅሏቸው ላይ ሆነው አንድ ሶሪት ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ስትሮጥ አዩ። ሥሩን ሰጠኋቸው፤ ቶሎ ያዙት። ክንፏን ስትዘረጋ ቀዩን ካዩ በኋላ፣ «ይቺ ካባዋን ከውስጥ ነው የገለበጠችው» አሉና እስከ ሁሩሙ ድረስ ደስ ብሏቸው ሄዱ። ማዳም ኤልሳ ክንፏን ለመሳል በቅሏቸውን አስቁመው ኋላ ቀሩ። ከድር በጆሮዬ፣ ቆንስል ሆይ፣ ሹመት ሳይጨመርልህ አይቀርም አለኝ። እኔም ያን ቀን እንዲያ መስሎኝ ነበር።

ሁሩሙ ላይ አቶ ኢረና ተቀበሉን። ለቀኛዝማች እጅ ነሥተው፣ «መንገዱን እስከ ላይ አስጠርገናል፤ ዳስም ተሠርቷል፤ ጌታዬ እርጥብ መሬት ላይ አይቀመጡም» አሉ። በደስታ ነው የተናገሩት። ትልቅ ሰው ሲመጣ መንገድ ይጠረጋል፤ ዳስ ይጣላል፤ ይህን የማያደርግ አገር አገር አይባልም። ዳሱ የት እንደተሠራ ጠየቅኋቸው። «ካማረው ቦታ» አሉኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ስንወጣ መንገዱ ሰፊ ነበር። ድሮ እየተጎነበስን፣ ሐረግ እየገፋን የምናልፍበት ቦታ አሁን ሁለት በቅሎ ጎን ለጎን ያሳልፋል። የተቆረጠ እንጨት ይሸታል። የገጀራው ቁስል በየግራና ቀኙ ነጭ ነው። ጉሬዛ አይጮኽም። ወፍ አይናገርም። ዶክተር ከኋላዬ ሆነው አንድ ጊዜ ስሜን ጠሩኝ፤ ዞር ስል በእጃቸው ጆሯቸውን አሳዩኝ።

ዳሱ የተሠራው ከትልቁ ቀረሮ ሥር ነበር።

ደግሞ ያማረ ዳስ ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። ምሰሶዎቹ የተመረጡ፣ ጣሪያው በትኩስ ቅጠል የተሸፈነ፣ ውስጡ ቄጠማ የተጎዘጎዘበት። ዙሪያው መሬት ሣር እስኪጠፋ ድረስ ተጠርጓል። በቅል ብርዝ፣ በገበታ ማር ከነሰፈፉ ተዘጋጅቷል። ሴቶቹ እልል አሉ። ኦቦ ጉተማ ከምሰሶው አጠገብ ነጭ ጋቢ ለብሰው ቆመዋል። ጨብጠው የያዙትን እጃቸውን አየሁ፤ ፊታቸውን አላየሁም።

ነገሩን በኋላ ነገሩኝ። አቶ ኢረና ሰው ይዘው ሲመጡ ጉብታውን ጉም ሸፍኖት ነበር፤ ኦቦ ጉተማ የገጀራ ድምፅ ሰምተው ወርደው ዳሱን ከታች ምንጩ ጋ እንዲሠሩት ለመኗቸው። ምንጩ ጋ ረግረግ ነው ተባሉ። ከዚያ ራቅ ብሎ ያለውን ሜዳ አሳዩአቸው። ሜዳው ጥላ የለውም ተባሉ። ሰዎቹ ትልቁን ዛፍ አይተው፣ ለትልቅ ሰው ትልቅ ዛፍ ነው አሉ። ለእሳቸው የቀራቸው አንድ ቃል ነበር፤ «ከላይ ጎጆ አለ» የሚል። ያን ቃል ዕድሜያቸውን ሙሉ ለማንም ተናግረው አያውቁም። «ትንሽ ዝቅ ቢል ይሻላል» ብቻ አሉ። ሰዎቹም ሽማግሌው ስለ ቀፎ የተጨነቁ መስሏቸው፣ ዛፉን ቀና ብለው አይተው፣ «ቀፎ የለበትም እኮ፣ ኦቦ፤ አይዞዎት» ብለው ምሰሶውን ተከሉ።

ኦቦ ጉተማ ቀፎ ያልሰቀሉበትም ለወፏ ሲሉ ነበር።

ዳሱ ውስጥ ተቀመጥን። ጉሙ ወረደ፤ ተነሣ፤ ደግሞ ወረደ። ዶክተር መነጽራቸውን ከዓይናቸው ሳያነሡ ቆሙ። ማዳም ኤልሳ ወረቀታቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ምንም አልሳሉበትም። እኔ ዳሱን እየዞርኩ መሬቱን አየሁ። በኛ ሥራ ጎጆ ውስጥ ምን እንዳለ የሚነግረው መሬቱ ነው። ጫጩት ካለ በሥሩ ባለው ቅጠል ላይ ነጭ ኩስ ይፈሳል፤ ዝናብ ያላጠበው ከሆነ የዛሬ ነው። የጉሬዛ አጥንት ይወድቃል፤ ሥጋው ካልደረቀ ከላይ የሚበላ አለ። አሁን ግን ቅጠል የለም፤ አጥንት የለም። መሬቱ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ንጹሕ ነው። ጠራጊዎቹን ልጠይቅ ብል ሴቶቹ ብርዙን አቅርበው ወደ ታች ወርደዋል።

ቀኛዝማች በሉ፤ ጠጡ፤ ጠበቁ። በእውነት ጠበቁ። በኋላ ተነሥተው ልብሳቸውን አራገፉ።

«ወፉ እንግዳ አይወድም» አሉ። «መንገዱ ግን ያምራል። በቅሎዬ አንዴ እንኳ አልተደናቀፈችም።» ወደ አቶ ኢረና ዞሩ። «በዚህ መንገድ በሬ ግንድ ይጎትታል?»

አቶ ኢረና መንገዱን ቁልቁል አዩ። «ይጎትታል፣ ጌታዬ» አሉ፤ ቀስ ብለው።

እስከዚያ ቀን ድረስ ሰንጣቂዎቹን ያገዳቸው ነገር ግንድ የሚወጣበት መንገድ መጥፋቱ ነበር። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ አንድ ላይ ያሰብነው ግን ያን ጊዜ ይመስለኛል።

ኦቦ ጉተማ ወደ ፊት መጡ። «ጌታዬ፣ ቀፎ ያለበት ዛፍ አይቆረጥም።»

«አይቆረጥም። እግዜር አለብኝ። ነገ ኢረና ሰው ይዞ ይወጣና ምልክት ያደርጋል፤ ያንተን ዛፍ ማንም አይነካውም።» ቀና ብለው ቀረሮውን አዩ። «ይሄኛው ግን ባዶ ነው። ጉተማ፣ ከሁሉ የሚበልጠውን እንዴት ተውከው?»

ያን ጊዜ የኦቦ ጉተማ የተጨበጠ እጅ ሲፈታ አየሁ። ጣታቸውን ቀሰሩ፤ ወደ ላይ፣ ወደ ግንዱ መከፈያ።

«ጎጆዋ እዚያ ነው» አሉ።

ቀኛዝማች ለረጅም ጊዜ አዩ። ጉሙ ትንሽ ገለጥ ብሎ ነበር።

«ጭራሮ ነው» አሉ። ያሾፉ አይመስለኝም። ያዩት ጭራሮ ነበር። «ቀፎ ከሰቀልክበት ያንተ ነው፤ ካልሰቀልክበት የኔ ነው። ከዚህ የተሻለ ፍርድ ካለህ ንገረኝ።»

የተሻለ ፍርድ አልነበረንም። ቀኛዝማች፣ አቶ ኢረናና ሰዎቻቸው ወረዱ። ከድርም በቅሎዎቹን ይዞ ወረደ፤ ሲያልፍ ቆንስል አላለኝም።

የቀረነው አራት ነን። ኦቦ ጉተማ ዛሬውኑ ቀፎ እሰቅልበታለሁ አሉ። ዶክተር አንድ ነገር ለመኑ። ጎጆው ውስጥ ጫጩት ካለ፣ ዛፉ ላይ ሰው ከወጣ እናትየው ልትተወው ትችላለች፤ ሁላችንም ርቀን ከጉብታው እንጠብቅ፤ ጥቂት ቀን ቢሰጠን ጫጩት መኖሩን እናውቃለን። ልክ ነበሩ። ለኦቦ ጉተማ አስተረጎምኩላቸው። እሳቸውም ልክ ነበሩ፤ ምልክቱ ነገ ነው፤ የተቆረጠ ዛፍ ላይ የትኛዋም እናት አትመለስም። ይህንንም ለዶክተር አስተረጎምኩ። አንዱን ለአንዱ ሳቀብል ቆየሁ። በመጨረሻ ዶክተር መነጽራቸውን ኮታቸው ውስጥ ሸጎጡና እኔን ጠየቁኝ፤ አንተስ ምን ትላለህ? እኔ እንደገና መሬቱን አየሁ። የተጠረገ ነው። አላውቅም አልኩ። ዛሬም ብጠየቅ ከዚያ የተለየ የምመልሰው የለኝም።

ኦቦ ጉተማ ከቅርብ ዛፋቸው ባዶ ቀፎ አወረዱ። ቀፎ ከመሰቀሉ በፊት ንብ እንዲወደው በመልካም ጭስ ይታጠናል፤ ያን ቀን አላጠኑትም። ጭሱ ወደ ላይ እንዳይሄድ ነው። ግንዱን በጠፍር አቅፈው፣ ጠፍሩን ወደ ላይ እየወረወሩ፣ በእግራቸው ቅርፊቱን እየተደገፉ ወጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ትንፋሻቸው እስከኛ ይሰማ ነበር። ከታችኛው ቅርንጫፍ ሲደርሱ ገመድ ጣሉልን፤ እኔና ዶክተር ቀፎውን አስረን ላክንላቸው። ከዚያ ጉሙ መጣና ሰውየውንም ቀፎውንም ሸፈናቸው።

በዚያ መካከል ነው የሰማነው። ከጉሙ በላይ፣ ከፍ እያለ ዝቅ እያለ የሚያፏጭ ድምፅ። ባለ ጉትዬው ንስር ሰማይ ላይ ሲዞር እንዲህ ነው የሚጮኸው። ዶክተር ክንዴን ያዙኝ። ማዳም ኤልሳ ዓይናቸውን ጨፍነው ፊታቸውን ወደ ላይ አቀኑ። ድምፁ ዞረ፤ ራቀ፤ ወደ የት እንደሄደ አልለየሁም። በዚያ ሁሉ መነጽር፣ በዚያ ሁሉ ዓይን፣ ማንም አላያትም።

ኦቦ ጉተማ ሲወርዱ ጉልበታቸው ተልጦ ነበር። «ጫጩት አለ ወይ?» አልኳቸው።

«ወደ ላይ አላየሁም፣ ኢልመኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

በማግስቱ ምልክት አድራጊዎቹ መጡ፤ ቀፎውን አይተው ዛፉን አለፉት። ቀኛዝማች ቃላቸውን ጠበቁ። ከዚያ ጥቢ ሲገባ መጋዙ ሥራ ጀመረ። በሬዎቹ ግንዱን በዚያው በተጠረገው መንገድ ወደ ሁሩሙ ጎተቱት። እኔ ሌሎች እንግዶችን ይዤ አንዳንድ ጊዜ ወጣሁ፤ የማሳያቸው እያነሰ፣ የማስረዳቸው እየበዛ ሄደ። ዶክተር ወደ አገራቸው ተመለሱ። ስልክ ቤት ሰው ሲፈልግ እንግሊዝኛ የሚችል ተባለና ገባሁ።

ቀረሮው ዛሬም ቆሟል። ዙሪያው ቡና ነው። በቀፎው ንብ ገብቷል፤ ኦቦ ጉተማ ማሩ በተቆረጠ ቁጥር ሌላ ቀፎ ያሰቅሉበታል፤ ዛፉ አንድ ቀን እንኳ ባዶውን እንዳይታይ። እሳቸው ግን አይወጡም፤ ጉልበታቸው እምቢ ብሏል። ስለ ወፏ የሚባለው አይገጥምም። ከድር አንድ ጊዜ ጭራሮ ይዛ ስትበር አየሁ ብሎኛል፤ ግን ከድር ጆፌ አሞራንም ንስር ነው የሚለው። ሌላው ጎጆው በዝናብ ፈርሷል ይላል። እረፍት ባገኘሁ ቁጥር ወጥቼ ከጉብታው ላይ እቀመጣለሁ፤ ጉሙ ይመጣል፤ እወርዳለሁ።

ኦቦ ጉተማ በገበያ ቀን መቱ ይመጡና ስልክ ቤቱ ደረጃ ላይ ያርፋሉ። ባለፈው ጊዜ እንደገና ጠየቅኋቸው። ዛፉ ላይ ወጥቶ ወደ ላይ የማያይ ሰው እንዴት ይኖራል አልኳቸው። እጃቸውን ጨብጠው ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

«ጎጆውን አንዴ ተናግሬያለሁ» አሉኝ። «ይበቃኛል።»

እንግዲህ ያልጠየቅኋችሁ እናንተ ብቻ ቀርታችኋል። ያን መንገድ በገጀራ የከፈታችሁ፣ ያን ምሰሶ የተከላችሁ፣ ከዛፉ ሥር መጥረጊያ የያዛችሁ እናቶች። በናንተ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ እንግዳ ነው ያከበራችሁ። ግን እኔ ባልነበርኩበት ጠዋት እናንተ ነበራችሁ። የመጀመሪያው ገጀራ ሲሰማ ወፏ ወደ የት በረረች? ወደ ሶር ነው ወይስ ወደ ጋራው ጀርባ? ስትጠርጉ ቅጠሉ ላይ ነጭ ነበረ ወይ? እርጥብ ነበር ወይስ እንደ ኖራ የደረቀ? ጠርጋችሁ የጣላችሁት አጥንት ዝንብ ያርፍበት ነበር? ከላይስ የጫጩት ድምፅ የመሰለ ነገር የሰማ ሰው የለም?

መቱ ስልክ ቤት ነኝ፤ በገበያ ቀን ጎራ በሉ። ትንሽ ነው ብላችሁ ምንም አትዝለሉብኝ። ከሥሩ ተነሥታችሁ ንገሩኝ።